የአዲስ አበባ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ታሪክ ከቃሊቲ ሲታይ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከመካከሉ ነው። ቤተ መንግሥቱ፥ ገበያው፥ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፥ አደባባዩ በየተራ ይነሣሉ፤ ዳር ያለው ሰፈር ግን ወይ በመጨረሻው ገጽ ይጠቀሳል፥ ወይም ጭራሽ ይዘነጋል። እኛ የቃሊቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ልማዱን ገልብጠን፥ የአዲስ አበባን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ታሪክ ከደቡብ ዳር ሆነን ልንመለከተው አሰብን። ለሰፈር ጥቂት ማድላት ባይቀርም ምክንያታችን ግን ሌላ ነው። የከተማው ባቡር፥ ጭነትና የሚጠጣው ውኃ ትልቅ ድርሻ የሚገባው በዚህ በኩል ሲሆን፥ የከተማው ጉድፍ የሚወጣውም በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ ከንቲባዎቹ የሠሩትም ሳይሠሩ የተዉትም ከሌላው ሰፈር ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይታያል።

«ከንቲባ» የሚለው ማዕርግ ከአዲስ አበባ አስቀድሞ የነበረ ነው። በጎንደር የከተማው ሹም በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዚያ የተሾሙት፥ በውጭ አገር የተማሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታም እስከ ዛሬ የሚታወሱት በዚሁ ማዕርግ ነው። አዲስ አበባ ግን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከንቲባ አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍልውኃ ሜዳ ከወረዱና ቤት ካሠሩ በኋላ፥ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ላይ ሰፈር ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ሰፈር በጌታው ሥር ያድር ነበርና ዳኝነቱም፥ ጥበቃውም፥ ግብሩም በዚያው ያልቅ ነበር። እንግዲህ ከተማዋ አንድ ከተማ ከመሆን ይልቅ የብዙ ሰፈሮች ድምር ነበረች ማለት ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ገደልና ወንዝስ የማን ነበር? የማንም አልነበረም። ይህ ጥያቄ ከ130 ዓመታት በኋላም መልስ እንዳላገኘ ወደ ኋላ እናሳያለን።

የከተማዋ የመጀመሪያ ከባድ ችግር ማገዶ ነበር። በዙሪያው ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ከተማ የሚኖረው በዙሪያው ባለው አገር ላይ ተደግፎ መሆኑን፥ ዙሪያው ሲራቆት መካከሉም እንደሚናወጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ የለንም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ፥ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ። ስሙን ልብ ላለው ሰው «ማዘጋጃ» የሚለው ቃል ሥራውን ራሱ ይናገራል፤ የገዢ ቤት ወይም የዳኛ ቤት አልተባለም፥ ነገርን የሚያሰናዳ፥ ቦታ ቦታውን የሚያስይዝ ቤት እንጂ። መሬት መለካት፥ የገበያ ቀረጥ መሰብሰብ፥ መንገድ ማውጣት፥ የአራዳን ዘበኛ ማሰማራት፥ ኋላም የከብት ቄራውን፥ እሳት አደጋውንና የጋብቻውን መዝገብ መጠበቅ ሁሉ በዚህ ቤት ላይ ወደቀ። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት የሚቀብረውም ማዘጋጃ ቤት ነበር። ከዚህ የተነሣ ያገራችን ሰው ማዘጋጃ ቤትን በሠርጉም በለቅሶውም ያውቀዋል።

ከመጀመሪያዎቹ የዚህ ቤት ኃላፊዎች መካከል ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው ደራሲው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በኋላ ብላቴን ጌታ ተብለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት በ1900ዎቹ መጨረሻ ገደማ ማዘጋጃ ቤቱን ያስተዳድሩ ነበር። ሁለተኛው በኋላ በኦጋዴን ግንባር ጦር የመሩት ነሲቡ ዘአማኑኤል ሲሆኑ፥ በዚሁ ቤት ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ታከለ ወልደ ሐዋርያት ከነጻነት በኋላ ራሳቸው ከንቲባ ሆነዋል። ጸሐፊም ወታደርም አርበኛም በዚህ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ሥራው ገና በአንድ ሙያ ያልተወሰነ እንደ ነበር ያስረዳል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የተሾሙት ከላይ፥ ከቤተ መንግሥት ነው። ሕዝቡ የሚጠይቃቸው ብዙ ነበር፤ ሊሽራቸው ግን አይችልም ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ አቃቂ ደርሶ ስለ ነበር፥ የባቡሩን ፉጨት ከአራዳ ሰው በፊት የሰማው የአቃቂ ገበሬ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ ዋና ከተማው የሚገባው ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ በር ያልፋል። ባቡሩን መኪና ሲተካውም በሩ አልተቀየረም፤ ከደብረ ዘይት በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና የሚቆመው ቃሊቲ ነው፥ ጉምሩኩም እዚሁ ነው። በ1950ዎቹ መባቻ የሕንድ ባለሀብቶች የተካፈሉበት የአቃቂ የጥጥ ፋብሪካ ሲሠራ፥ እርሱን ተከትለው የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ሲበዙ፥ የአቃቂና የቃሊቲ ስም ከወዛደር ጋር አንድ ሆነ። አቃቂ በዚያን ጊዜ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች እንጂ የአዲስ አበባ ክፍል አልነበረችም። ወደ አዲስ አበባ የተጠቃለለችው ኋላ ነው።

ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን ብዙ መናገር አያሻም፤ ወራሪው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ከተማውን በዘር ለመክፈል ፕላን አወጣ፥ የአገሬውንም ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረ። የዘር ፕላኑ ከአምስት ዓመት በኋላ ከባለቤቱ ጋር ሲጠፋ ገበያው ግን ቀረ። የአቃቂ ወንዝ የተገደበበት የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ6.6 ሜጋዋት የአዲስ አበባን መብራት ሲያበራ ኖሮ በኋላ ተቋርጦ ቆየ፤ በቅርብ ዓመታት በቻይና እርዳታ ታድሷል። መብራቱ ከታች ወደ ላይ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ እንዲኖራቸው ወሰነ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ራሱን የቻለ አዋጅ ወጣ። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር አገኘች፥ የተመረጡ ሰዎች ያሉበትም ምክር ቤት ቆመላት። ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የመምረጥ መብት የተሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ሰው ነበርና ተከራዩ፥ ወዛደሩ፥ ጉሊት ቸርቻሪዋ ድምፅ አልነበራቸውም። ከንቲባውንም የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበረ፥ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ሊያወጣ ሲነሣ ከባለርስት ጋር፥ ግብር ሊሰበስብ ሲነሣም ከዚያው ባለርስት ጋር ይጋጠም ነበር፤ ያም ባለርስት በምክር ቤቱ ወይም በቤተ መንግሥቱ ወዳጅ አያጣም።

በዚህ ላይ የፕላን ነገር አለ። እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ ለከተማው ፕላን ነደፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ቦልተን ሄነሲ የተባለው ድርጅት ያንኑ አሻሻለ፤ ቀጥሎ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን መጣ፤ በደርግ ዘመን ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ፥ ከዚያም የጣሊያንና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በአንድነት ሠሩ። እያንዳንዱ ፕላን በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ነገር ግን ፕላኑ ታትሞ እስኪያልቅ ከተማው ከፕላኑ ዳርቻ አልፎ ይገኛል። ፕላን አውጪ የሚከፈለው ለሥዕሉ ነው፥ ከንቲባው ግን የሚጠየቀው በመሬት ላይ ስለሚቆመው ቤት ነው፤ እኛ እንደሚመስለን ብዙ ፕላን በመደርደሪያ ላይ የቀረው በዚህ ልዩነት ነው። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ሰዎች ያቆሙት ሕንፃ ዛሬም ይታያል። ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ በአራዳ ከፍታ ላይ ቁልቁል ከተማውን እያየ ቆሟል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ ሲመሠረት፥ ከተማዋ የአህጉር እንግዳ ተቀባይ ለመሆን በቃች። የከንቲባውም ሥራ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ፤ ለእንግዳው ጎዳናውን ማሳመር፥ ለነዋሪው ደግሞ ከጎዳናው ጀርባ ያለውን ጭቃ መድረቅ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፥ ቀበሌዎችም ተመሠረቱ። የድሮው ማዘጋጃ ቤት ሊነካው ያልቻለው ባለርስት በአንድ ቀን ከመንገዱ ተነሣ። ኪራዩም ተቀነሰ፥ ድኻውም ተደሰተ። ዳሩ ግን ርካሽ ኪራይ የሚበላው ቤቱን ነው፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ገባ፥ ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ገንዘብ ጣራ ማደስ እንኳ ስላልቻለ ቤቶቹ ከነነዋሪዎቻቸው አረጁ። በእንስሳት ሐኪምነት የሠለጠኑት ዶክተር ዓለሙ አበበ ከንቲባ በነበሩበት በዚያ ዘመን ከተማው በ1976 ዓ.ም. ሲቆጠር ሕዝቡ 1.4 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠረም፤ ከንቲባዎቹም ስንት ሰው እንደሚያስተዳድሩ በግምት እየኖሩ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ መብት ሰጠ፤ በዚያው አንቀጽ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑን፥ ኦሮሚያም በከተማዋ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ደነገገ። እንግዲህ ከንቲባው በአንድ አንቀጽ ሦስት ወገን ተሰጠው። ከሥሩ የመረጠው ነዋሪ አለ፥ ከራሱ በላይ የፌዴራሉ መንግሥት አለ፥ በዙሪያው ደግሞ ክልሉ አለ። በ1995 ዓ.ም. በተሻሻለው ቻርተር ከተማው በ10 ክፍለ ከተሞች ሲከፈል አቃቂ ቃሊቲ አንዱ ሆነ፤ 11ኛው ለሚ ኩራ የተጨመረው ኋላ ነው። የምክር ቤቱ መቀመጫ 138 ሲሆን ከንቲባው የሚመረጠው ከዚያ ነው።

ምርጫው ግን ሁልጊዜ ወደ ወንበር አላደረሰም። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማውን ምክር ቤት አሸንፎ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ቢመረጡም ወንበሩን ሳይዙ ታሠሩ፤ አቶ አርከበ ዕቁባይን የተኩት በ1998 ዓ.ም. የተሾሙት የባለአደራው አስተዳደር ኃላፊ አቶ ብርሃነ ደሬሳ ናቸው። ከእርሳቸው ቀጥሎ አቶ ኩማ ደመቅሳና አቶ ድሪባ ኩማ መጡ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ ከተማውን እንዲመራ ቻርተሩ ተሻሽሎ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ተሾሙ። በ2012 ዓ.ም. የተተኩት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ምርጫውን ተከትሎ ከንቲባ ሆኑ፤ በዚህ ማዕርግ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ይህን የስም ዝርዝር አሳጥረን ያለፍንበት ምክንያት፥ ሰዎቹ እየተለዋወጡ ጥያቄዎቹ ሳይለወጡ ስለ ኖሩ ነው። አሁን ከጥያቄዎቹ ዋነኛ ወደምንለው እንግባ።

እርሱም ውኃ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፥ አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከላይ ተነሥተው፥ ከተማውን ግራና ቀኝ አቋርጠው፥ በእኛ ሰፈር አልፈው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ትንሹ አቃቂ የቄራውን፥ የቆዳ ፋብሪካውን፥ የጠላና የቢራ ጥማቂውን፥ የመርካቶንም ትርፍ እየተሸከመ ይመጣል። ቧንቧው የሌለው ሰፈር ሽንት ቤቱን ወደ ወንዝ ያደርጋል። ከላይ ያለው ሰው ቆሻሻው ዓይኑ ሥር ስላልቀረ ጠፋ ይላል፤ ቆሻሻ ግን አይጠፋም፥ ቃሊቲ ይደርሳል እንጂ። ሽታውን ለመግለጽ ቃላት አንፈልግም፤ በግንቦት ወር ከሰዓት በኋላ መስኮት ከፍቶ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት ደግሞ ያው ወንዝ ሞልቶ በዝቅተኛው መንደር ይገባል።

አስገራሚው ነገር ውኃው ወደ ላይም መሄዱ ነው። ገፈርሳ፥ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ለከተማው አልበቃ ሲሉ፥ በአቃቂ ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውኃው በፓምፕ ወደ ከፍታው ይገፋል። ስለዚህ ንጹሑ ውኃ ከእኛ በታች ካለው ምድር ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፥ ተጠቅመውበት ሲያበቁ ደግሞ ወደ እኛ ይመለሳል። በወንዙ ዳር ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ ሰላጣና ጎመን ያጠጣል፤ ጎመኑ በጋሪና በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ተመራማሪዎች በዚህ አትክልት ውስጥ የከባድ ብረት ቅሪት ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የላይኛው ከተማ ወደ ወንዝ የጣለውን በሳምንቱ በትሪ ላይ ይቀበለዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ማዘጋጃ ቤቱ ዝም ብሏል አንልም። በደርግ ዘመን በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ተሠርተው ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ በዚያው ተተካ። ቦታው የተመረጠው ለእኛ ካላቸው ጥላቻ የተነሣ አይደለም፥ ፍሳሽ ቁልቁል ስለሚወርድ ነው። ችግሩ ማጣሪያው ጥሩ ሆኖ ሳለ ወደ ማጣሪያው የሚወስደው ቧንቧ በየቤቱ አለመድረሱ ነው። ቧንቧ መቅበር ደግሞ ለከንቲባ ክብር አይሰጥም፤ አይታይም፥ ሪባን አይቆረጥለትም፥ መንገድም ያስቆፍራል። በ2011 ዓ.ም. የወንዞች ዳርቻ ልማት ሲታወጅ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሆን፥ 29 ቢሊዮን ብርም እንደሚጠይቅ ተነገረ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መባቻ ተከፈተ፥ በመካከለኛው ከተማም ያማሩ መናፈሻዎች ተሠሩ። ሥራው ከላይ መጀመሩ ትክክል ነው እንላለን፥ ወንዝ የሚጸዳው ከምንጩ ነውና፤ ነገር ግን መናፈሻ ከወንዙ ዳር የሚተከል ሲሆን ቧንቧ ከወንዙ ዳር የሚነሣው ቆሻሻ ወንዙን እንዳይነካ የሚያደርግ ነው፥ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በዚህ ነገር የለንደን ታሪክ ይጠቅመናል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 የቴምዝ ወንዝ በበጋው ሙቀት እጅግ ከፋ። ወንዙ ለዘመናት የድኾቹን ሰፈር ሲያሸት የሰማው አልነበረም፤ በዚያ በጋ ግን ሽታው በወንዙ ዳር ባለው የፓርላማ ቤት ገባ፥ እንደራሴዎቹም መጋረጃውን በመድኃኒት እስከ መንከር ደረሱ። ሕጉ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ወጣ፥ ጆሴፍ ባዘልጌት የተባለው መሐንዲስም በከተማው ሥር ታላቁን የፍሳሽ ቦይ ሠራ። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ግን በአራዳ ከፍታ ላይ ስለ ቆመ፥ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመንም። ባዘልጌትም ቢሆን ፍሳሹን ከከተማው በታች ወስዶ ነው ወደ ወንዙ የለቀቀው። ለንደንም የራሷ ቃሊቲ ነበራት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መሬት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ መካከለኛውን ከተማ ለማስተንፈስ ሲነሣ ሰፊ ቦታ ያገኘው በዳር ነው፤ ገላን፥ ቱሉ ዲምቱ፥ ኮዬ ፈጬ። መስከረም 2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ቀላል ባቡር የደቡቡ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የላይኛው ሰው ቤት ሲያገኝ የታችኛው ገበሬ ካሳ ተቀብሎ መሬቱን ለቀቀ፤ ያ ካሳ ስንት ዓመት እንዳኖረው ከሰፈራችን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ የሚያቅደው ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፥ ሰዎችም ሞቱ፤ ፕላኑ በ2008 ዓ.ም. ተሠረዘ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ተቃውሞው ተመለሰ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የከተማውና የክልሉ አስተዳደሮች ስለ ወሰኑ መስማማታቸው ተገለጸ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች፥ ጎረቤታችንን ገላንን ጨምሮ፥ ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር አደረገች።

ስለዚህ ዛሬ በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት የከተማ አስተዳደር፥ ሁለት በጀት፥ ሁለት ፕላን አለ። አባ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ ነው፤ በላዩ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ የሚመግበው ፍሳሽ ግን አብዛኛው ከአዲስ አበባ ይወርዳል። ሐይቁን አጸዳለሁ የሚል ከንቲባ ቧንቧውን የሚቀብረው በራሱ ከተማ ሆኖ ጥቅሙን የሚያየው በጎረቤቱ አገር ነው፤ የጎረቤቱ ከንቲባ ደግሞ ጉዳቱን እያየ ቧንቧውን ሊቀብር ሥልጣን የለውም። የፌዴራሉ መንግሥት ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ ወጪው በምን ያህል እንደሚካፈል ካልወሰነ በቀር የቃሊቲ ማጣሪያ የሚቀበለው ቧንቧው የደረሰበትን ፍሳሽ ብቻ ይሆናል፥ የቀረው በወንዙ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።